የሽቦ ዘርጊዎቹ ፊልምና የባሌ መርዶ

ያንን ፊልም ሁለቴ ሲኒማ ቤት፣ አንዴ ደግሞ ሳሎናችን ውስጥ አይቼዋለሁ። ትክክለኛ ርእሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም። በእኔ ዕድሜ ላለ የሐረር ሰው ግን «ሽቦ ዘርጊዎቹ» ካሉት ይበቃዋል። አራት ሰዎች በመንኮራኩር ተሳፍረው ከምድር እስከ አንድ ሩቅ ዓለም ድረስ የስልክ ሽቦ ሲዘረጉ የሚያሳይ የቆየ የጠፈር ፊልም ነው። እኔ ሳየው እንኳ አርጅቶ ነበር፤ ቀለሙ ወደ ቀይ ስለሄደ ሰዎቹን በርበሬ ሲወቅጡ የዋሉ አስመስሏቸዋል። ሰው ስለ ፊልም ሲያወራ ስለ አክተሮቹ ያወራል። እኔ ስለዚህ ፊልም ባወራሁ ቁጥር የማወራው ስለ አማቴ ነው፤ ትንሽ ከተናደድኩ ደግሞ ስለ ራሴ።

ባሌ ወታደር ነበር፤ የመገናኛ ክፍል ወታደር። የስልክ ሽቦ ጥቅል በጀርባው አዝሎ መሮጥ ነበር ሥራው። የተጋባነው የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው፤ አብረን የኖርነው ግን በፈቃድ የመጣባቸው ቀናት ተደማምረው ጥቂት ወራት ቢሆን ነው። ወደ ሰሜን ሲዘምት እናቱ ቤት ትቶኝ ሄደ። ቤታቸው ከጀጎል ግንብ በሐረር በር ወጥቶ ወደ አዲሱ ከተማ ከሚወስደው መንገድ ገባ ያለ፣ አያታቸው ከሸዋ መጥተው የሠሩት የጭቃ ቤት ነበር። እኔን «እማማን አደራ» አለኝ። ለእሳቸውም «እሷን አደራ» ብሏቸው ኖሯል። እንዲህ ሆነን ሁለት ሴቶች አንዳችን የሌላችን አደራ ሆነን ቀረን።

ግንቦት ላይ መንግሥት ተለወጠ። ክረምቱን ሙሉ ወታደሮች በእግራቸው፣ በጭነት መኪና፣ ከካምፕ እየተለቀቁም ወደየቤታቸው መጡ። ሐረር የጦር ሰፈር ስለነበረባት የማይጠብቅ ቤት አልነበረም። የውሻ ጩኸት በተሰማ ቁጥር የሰፈሩ ሴት ሁሉ በር ላይ ይወጣል። የአንዷ ልጅ ይገባል፣ የሌሎቻችን በር መልሶ ይዘጋል። እኛ ቤት የመጣው ባሌ ሳይሆን የክፍሉ ባልደረባ ነበር። ጫማው አፉን ከፍቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ መጣና ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «መስመር ተቆርጦ ነበር፤ ሊቀጥል ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም» አለን።

«ሞቷል ነው የምትለኝ?» አሉት አማቴ።

«አላልኩም እማማ።»

«እንግዲያው ግባና እህል ቅመስ» አሉት።

ሰውዬው በላ፣ እግሩን ታጠበ፣ ወደ አገሩ ሄደ። እኔም አማቴን «እማማ» እያልኩ፣ እሳቸውም «ልጄ» እያሉኝ መጠበቃችንን ቀጠልን።

በእኛ ዘንድ ሰው የሚሞተው ሲሞት አይደለም፤ መርዶው ሲነገር ነው። ሞቱን ቀድሞ የሰማ ዘመድ አፉን ይይዛል። ከዚያ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ ቀን ይቆረጣል፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው በር ያንኳኩና ለባለቤቱ ይነግሩታል። ከዚያ በኋላ ነው ጩኸቱ፣ ድንኳኑ፣ ጥቁሩ፣ ሠልስቱ፣ ተዝካሩ። መርዶ ያልመጣበት ቤት ለቅሶ የለበትም። ለቅሶ የሌለባት ሴት ደግሞ መበለት አይደለችም። ፍርድ ቤት ሄጄ ወረቀት ማውጣት እችል ነበር፤ የሄዱም አሉ። ግን እማማ ያላለቀሱለትን ባል እኔ በማኅተም ብገድለው በዚያ ቤት በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ? የሞተ ባል የለኝም፤ ያለ ባልም የለኝም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ከገጠር ወተት የምታመጣልን አንዲት ሙስሊም ደንበኛ ነበረችን። ነገሩ ሆዷን ሲበላት ቆይቶ አንድ ቀን ወተቱን እየቀዳች ወጣላት። «አቦ፣ እኛ ዘንድ ቢሆን ቃዲው ጋ ትሄጂና ያፋታሻል፣ ወላሂ! ባል የጠፋባት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ አትቀመጥም። እሱን አላህ ያውቃል፤ አንቺ ግን ልጅ ነሽ» አለችኝ።

እማማ ከውስጥ ሰምተው ወጡ። «የእሷ ባል አልጠፋም» አሏት። «ዘገየ እንጂ።» ሴትየዋ «አብሽሩ፣ ኢንሻ አላህ ይመጣል» ብላ ዕቃዋን አንስታ ሄደች።

ፊልሙን መጀመሪያ ያየነው በዓመቱ ነው። እማማ ሲኒማ ቤት የሚገቡ ሰው አልነበሩም፤ «የጨለማ ቤት» ነበር የሚሉት። የዚያን እሑድ ከመድኃኔዓለም ቅዳሴ ወጥተን፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ከዘመድ ጋር ስንሳሳም ቆይተን፣ ከጀጎል ወጥተን ወደ ቤት ስናዘግም ዝናብ ያዘን። የሐረር ዝናብ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ተጠለልን። ቲኬት የሚቆርጠው የእማማ የክርስትና ልጅ ነበርና አየን። «አቦ ግቡ እንጂ እናቴ፣ በስብሳችሁ ልትሞቱ ነው? ውስጥ ወንበር አለ» ብሎ እያዳፋ አስገባን።

እማማ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። አዳራሹ የጫትና የእርጥብ ካፖርት ሽታ ነበረው፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ የፊልሙን ድምፅ ውጦታል። ድምፁ ቢሰማም ለውጥ አያመጣም ነበር፣ እንግሊዝኛውን የሚከታተል ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም የሚያየውን በራሱ እየተረጎመ፣ ለጎረቤቱ እየነገረ ነው የሚያየው።

«ምንድን ነው የሚሠሩት?» አሉኝ።

«ሽቦ እየዘረጉ ነው።»

«የስልክ?»

«ይመስለኛል።»

ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አልዞሩም። ከአራቱ መካከል ጢም ያለው፣ ሳቂታው ሰውዬ ሲመጣ ሁሉ ወገባቸውን ያቀናሉ። ይህ ሰው የተቆላለፈ ሽቦ ሊፈታ ከመንኮራኩሩ ውጪ ወጣ። ወገቡ ላይ የታሰረው ገመድ ተበጠሰ። ሰውዬው እጁን እያወዛወዘ፣ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ጨለማው ውስጥ ጠፋ። ያ ፉጨቱ የማያልቅ አዳራሽ ጸጥ አለ። ሦስቱ ጓደኞቹ ጠረጴዛቸው ዙሪያ ቆሙ፣ ከመካከላቸው ሽማግሌው የሟቹን ኩባያ አንስቶ ደፋው። የእማማ እጅ ክንዴን ይዞ ነበር፤ ምልክቱ በማግሥቱም አልጠፋም።

በዚህ መሀል ፊልሙ ተቋረጠ። መጋረጃው ነጭ ሆነ፤ እንደ ልማዱ «ሌባ! ሌባ!» ተባለ፣ ተፏጨ፣ ወንበር ተደበደበ። ትንሽ ቆይቶ ሲቀጥል ጢማሙ ሰውዬ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ እየበላ ነበር። ከሦስቱ ጋር ይስቃል። ያንኑ ኩባያ አንስቶ ይጠጣል።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እንዴት ዳነ ብሎ የጠየቀ የለም፤ በፊልም ሰው ይድናል። እማማ ግን ብድግ አሉ። ከወንዶች ሁሉ መሀል ቆመው እልል አሉ። አንድ ሁለት ሴቶች ከፊት ተቀበሏቸው፤ ወንዶቹም ነገሩ ጥሟቸው ፉጨታቸውን ጨመሩበት። እኔ አፍሬ ወንበሬ ውስጥ ሰጠምኩ፣ ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ ልቤ ትንሽ ሞቅ ብሎት ነበር።

በመጨረሻ መንኮራኩሩ ምድር ላይ ሲያርፍ የወረዱት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። «አራተኛውስ?» አልኳቸው ስንወጣ። «ዕቃ እየሰበሰበ ነዋ» አሉኝ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። መንገዱን ሙሉ ከእኔ ቀድመው ነበር የሚራመዱት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ለቅሶ ያነሳ ዘመድ ጉድ ፈላበት። አንድ የባሌ አጎት «እትዬ፣ ይብቃን፤ ተዝካሩን እናውጣለት፤ ነፍሱም ትረፍ» ብለው ቢመጡ፣ እማማ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረኩላቸው። «ኩባያውን ደፉበት፣ ዓይናችን እያየ ኩባያውን አንስቶ ጠጣ!» አሏቸው። እኔና አጎትየው ተያየን። ለበዓል ዶሮ ሲሠራ ፈረሰኛው ለባሌ ይቀመጣል፤ በማግሥቱ እንዳይበላሽ ተብሎ የምበላው እኔ ነኝ። ለሌለ ባሌ የተቀመጠውን የባል ድርሻ ስበላ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ እሱን እንኳ ማንም አይነሳኝም።

ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፕ ጸሐፊነት ተቀጥሬ ቤቱን የምደጉመው እኔ ሆንኩ። እማማ እየደከሙ ሄዱ። ቧንቧው በሚደርቅባቸው ወራት ጄሪካን ደርድረን ወረፋ ስንጠብቅ፣ ጎረቤቶች «የእገሌ ሚስት» ብለው ይጠሩኛል። ቆንጆ ነበርኩ፤ አሁን መስታወት ስለማያስዋሸኝ ብናገር ማንም አይቀየመኝ።

በዚህ መሀል አንድ የሒሳብ አስተማሪ መጣ። ወሎ ተወልዶ ሥራ ሐረር ያመጣው፣ ረጅም፣ ዝግተኛ ሰው ነበር። የዝውውር ጉዳይ ኖሮት ቢሯችን ሲመላለስ ተዋወቅን። ጉዳዩ ካለቀ በኋላም መመላለሱን አልተወም። ነገሬን ሁሉ ነገርኩት። «አልቸኩልም» አለኝ። «ግን የምጠብቀውን ነገር ልወቀው። ቀን አለው?» ቀን እንደሌለው ነገርኩት። ሻዩን ጠጣና፣ «እሺ፣ ለጊዜው ቅዳሜ ሲኒማ እንግባ» አለኝ። ሰው እንዲህ ሲል እንዴት አይወደድም?

ለእማማ ሥራ አለብኝ ብዬ ከቀትር በኋላ ወጣሁ። የሚታየው ፊልም ሽቦ ዘርጊዎቹ መሆኑን ያወቅሁት መብራት ጠፍቶ ያ ቀይ መንኮራኩር ሲመጣ ነው። ደስ አለኝ። ለአስተማሪው በሹክሹክታ አስቀድሜ እየተረኩለት ሳለሁ፣ አራቱ ሰዎች ተቀምጠው መብላት ጀመሩ። ጢማሙ ይስቃል፣ ከኩባያው ይጠጣል።

«ተሳሳቱ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ይሄ ገና ነው። መጀመሪያ ገመዱ ይበጠሳል፣ ይጠፋል፣ ኩባያውን ይደፉበታል፤ ከዚያ ነው የሚበላው።»

«ከጠፋ በኋላ እንዴት አድርጎ ይበላል?» አለኝ። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ሌላ ምን ይላል።

ጢማሙ ወጣ። ገመዱ ተበጠሰ። እጁን እያወዛወዘ ሄደ። ኩባያው ተደፋ። ፊልሙ ሳይቋረጥ፣ ማንም «ሌባ» ሳይል ቀጠለ፤ ሰውዬው ግን አልተመለሰም። ሦስቱ ብቻቸውን ሽቦውን ጨረሱ፣ ሦስቱ ብቻቸውን ወረዱ። አስተማሪው የማለቅሰው በፊልሙ መስሎት መሀረብ ሰጠኝ። ውጪ ወጥተን ስነግረው ነው የገባው። ፊልም በየቆርቆሮ ሣጥኑ ተቆራርጦ እንደሚመጣ፣ ከእማማ ጋር ባየሁት ቀን ማሽኑን የያዘው ሰው ሣጥን አቀያይሮ ጭኖ እንደሚሆን አስረዳኝ። «ቀላል ስሕተት ነው» አለኝ። «ቁጥሩን ሳያይ ነው ያነሳው።»

ቀላል ስሕተት። እኔ በዚያ ቀላል ስሕተት ስንት ዓመት ፈረሰኛ በልቻለሁ።

በዚያው ቀን ሄጄ ለእማማ መንገር ነበረብኝ የሚል አንባቢ ይኖራል። ይሞክረው። በዚያን ጊዜ ሐረር ውስጥ ሴት ብቻዋን ሲኒማ አትገባም። ፊልሙን አየሁት ካልኩ «ከማን ጋር?» ይከተላል፤ «ከማን ጋር»ን ከመለስኩ ደግሞ የጠፋ ባሏን ቀብራ ሌላ ልታገባ ፊልም የምትጠቅስ ሴት እሆናለሁ። እውነቱን ልናገር የምከፍተው አፍ ከሰው ጋር መሄዴንም የሚያወጣ ነበር። እቤት ስገባ እማማ እራት አቅርበው ጠበቁኝ። «ደከመሽ ልጄ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

አስተማሪው ጠበቀ። ሰው ሊጠብቅ ከሚችለው በላይ ጠበቀ። ከዚያ ድሬዳዋ ተዛወረና ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ጀመር፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ ለበዓል። በመጨረሻ ሲመጣ ፈረስ መጋላ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ ባጃጅ አስፋልቱን ሞልቶ ሲተራመስ እያየ፣ ሽማግሌ ሊልክባት ያሰባት ሴት መኖሯን ነገረኝ። «አንቺ እንቢ፣ አታግባ እንድትይኝ ነው የመጣሁት» አለኝ። እንቢ ለማለት መብት ያላት ሴት እኮ ነፃ የሆነች ናት። «እግዚአብሔር ይባርክላችሁ» አልኩት። አልፈረድኩበትም፤ አልቅሼበታለሁ ግን።

ሚሌኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው በጅጅጋ በኩል የገባ ሲዲ ማጫወቻ ገዛሁ። ምክንያቴን አልደብቅም፤ አላፍርበትምም። እማማ አርጅተው ነበር። እኔም ወደ አርባው እየተጠጋሁ ነበር። እሳቸው ሳያለቅሱለት ከሞቱ ባሌን የሚቀብርልኝ አይኖርም፤ እኔም በዚያ ቤት የማንም ሳልሆን እቀራለሁ። ለአሥራ ምናምን ዓመት ያመኑት በዓይናቸው ያዩትን ነው። እንግዲያው በዓይናቸው ይዩት አልኩ።

ርእሱን ስለማላውቅ በየፊልም አከራዩ ቤት «ሽቦ የሚዘረጉት» እያልኩ ዞርኩ። ወጣቶቹ ሳቁብኝ። ከጊደር መጋላ ገበያ ወረድ ብሎ ያለ አንድ አከራይ ግን በእኔ ዕድሜ ነበርና፣ ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ «ጢማሙ!» ብሎ ከመደርደሪያው ሥር አውጥቶ አቧራውን አራግፎ ሰጠኝ።

እሑድ ከቀትር በኋላ መብራት ነበር። እማማን ከቴሌቪዥኑ ቅርብ አስቀመጥኳቸው፣ ዓይናቸው ስለደከመ። ቀዩ መንኮራኩር ሲመጣ ወዲያው አወቁት። «ውይ! እነዚያ ሰዎች!» ብለው እንደ ድሮ ጎረቤት ተቀበሏቸው። ወገባቸውን አቀኑ፣ ነጠላቸውን አጣፉ። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ጀርባቸውን እያየሁ ነበር እንጂ ፊልሙን አላየሁም።

ምግቡ መጣ።

«ምነው ቀደመ?» አሉ።

 ጢማሙ ሳቀ፣ ጠጣ። ቀጥሎ ወጣ። ገመዱ ተበጠሰ። ኩባያው ሲደፋ እማማ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉና ጠበቁ። ሦስቱ ሽቦውን ሲዘረጉ ጠበቁ። ሦስቱ ሲወርዱም ጠበቁ። ስም የሚዘረዝረው ጽሑፍ መውጣት ሲጀምር እንኳ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«አልቋል እማማ።»

«የቀረ አለ።»

«የለም።»

«አከራዮቹ ቆርጠውታል። እነዚህ ልጆች ምን ይሳናቸዋል!» ወደ እኔ ዞሩ። «ወይስ ያኔ ያየነው ነው የተሳሳተው? የትኛው ነው ልኩ?»

«ይሄኛው ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

አሥር ዓመት የሸሸሁት ጥያቄ መጣ። ሸክሙ ሰልችቶኝ ነበርና፣ «ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ፤ ሲኒማ ቤት» አልኳቸው።

«ከማን ጋር?»

ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣ «ያ ረጅሙ?» አሉኝ። ለካ አይተውት ኖሯል፤ መንገድ ላይ ሲሸኘኝ፣ ከበሩ ራቅ ብሎ ሲቆም። «የት ደረሰ?» አሉኝ።

«አገባ። ልጆች አሉት።»

ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆኖ ቆሟል። እማማ እጃቸውን እያገላበጡ ሲያዩ ቆዩ። «ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ...» ብለው ጀመሩ።

«ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር?»

አሰቡበት። «አላምንሽም ነበር» አሉ። ከዚያ «አጥፊው» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ለተወሰኑ ቀናት ስለ ፊልሙ ምንም አላነሱም። ምግብ ቀነሱ፣ ጸሎት አበዙ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከቤት የሉም፤ ብቻቸውን ከወጡ ዓመት አልፏቸዋል። ሲመጡ በከዘራቸው ተደግፈው፣ አቧራ ለብሰው ነው። የእድሩ ዳኛ ቤት ሄደው ኖሯል።

«ነገ ማለዳ ሰዎች ይመጣሉ» አሉኝ ከዘራውን እያስቀመጡ። «አንቺ አልሰማሽም። ተኝተሽ ጠብቂ።»

«ምን ሊሉን ነው የሚመጡት?»

«የሚሉሽን ሲሉሽ ትሰሚያለሽ።» ከዚያ ለስለስ ብለው፣ «ልቤ አወቀ ብሎ የሚያለቅስ ሰው የለም ልጄ። ለሰው በሰው አፍ ይነገረዋል። ለልጄ በወጉ ይለቀስለታል እንጂ እንደ ዶሮ ዝም ብሎ አይቀርም» አሉኝ።

እናት ለራሷ መርዶ ስታዝ ያኔ ነው ያየሁት።

ጎህ ሲቀድ ዓይኔን አፍጥጬ ተኝቼ ነበር። የውጪው በር ሲከፈት፣ ብዙ እግር ግቢው ውስጥ ሲርመሰመስ፣ አንድ ሰው ሳሉን ሊይዝ ሲሞክር ሰማሁ። ከማዶ አልጋ እማማ ማንኮራፋት ጀመሩ። እማማ በሕይወታቸው አንኮራፍተው አያውቁም። ሁሉም ነገር በወጉ እንዲሆን ነበር፣ ተኝተው መገኘት ስላለባቸው ነበር። እኔ በበኩሌ ምን እንደማደርግ አስቤ ጨርሻለሁ፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ራሴን አቀረቅራለሁ። እንባ ከመጣ ጥሩ፣ ካልመጣ ነጠላው ይሸፍነዋል። የምፈልገውን ነው የሚነግሩኝ፤ ያውም ስንት ዓመት የለመንኩትን።

በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። የእድሩ ዳኛ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከግድግዳው ጥግ ቆመዋል። ሁሉም እኔ እንደማውቅ ያውቃሉ። «ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ ዳኛው። ተቀመጥኩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆነና ባለቤትሽ...» አሉ።

ቀሪውን አልሰማሁትም። ከአፌ የወጣውን ድምፅ የእኔ ነው ብዬ ዛሬም አላምንም። ነጠላውም ቀረ፣ ማቀርቀሩም ቀረ። ወለሉ ላይ ነበርኩ። ያ ጥቅል ሽቦ አዝሎ የሚሮጠው፣ ሲስቅ ድዱ የሚታየው፣ ጥቂት ወራት ብቻ ያወቅሁት ልጅ ያን ማለዳ ሞተብኝ። እማማን የማሳምን መስሎኝ ስደክም ለካ ያልሰማሁት እኔ ነበርኩ። የሚይዙኝ ሴቶች አቃታቸው። በመጨረሻ የያዙኝ እማማ ናቸው፤ ከአልጋቸው ወርደው፣ እሳቸው ራሳቸው ሳያለቅሱ፣ ጭንቅላቴን ጉያቸው ውስጥ አድርገው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ። የእሳቸው ለቅሶ የመጣው ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ነው፤ ከመጣ በኋላ ደግሞ ማቆሚያ አልነበረውም።

ሰው ብዙ መጣ። የወተት ደንበኛችንም አርጅታ፣ ከልጇ ጋር መጥታ «ኢና ሊላሂ» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ሠልስቱ ወጣ። ድንኳኑ ፈረሰ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ወደ እድሩ ተመለሱ፣ ግቢው ውስጥ የካስማዎቹ ጉድጓድ ቀረ።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ሁለታችን ጥቁር ለብሰን ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። እማማ ብዙ ቀን ያጠኑት በሚመስል ድምፅ፣ «እንግዲህ የማንም ሚስት አይደለሽም» አሉኝ። «አደራዬን ጨርሻለሁ። ከአሁን በኋላ ማንም አንቺን አይዝሽም፣ እኔም አልይዝሽም። ሂጂ ልጄ።»

«ወዴት ልሂድ እማማ?»

አዩኝ። ፀጉሬን፣ እጄን፣ ፊቴን ቀስ ብለው አዩት። 

«እሱን» አሉ ቆይተው፤ «እሱን አላሰብኩበትም ነበር።»